ከጎንደር ተነስተን ለአንድ ቀን መዝናኛ ፓርክ ልንሄድ ነው፤ የቱን እንምረጥ?

የፒያሳ ልጅ — ቅዳሜ፣ ረፋድ 4፡10

ሰላም ቤተሰብ። ሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለን ሰባት ጓደኛሞች ነን፤ ሦስት ሴት፣ አራት ወንድ። ዩኒቨርሲቲ እያለን የጀመርነው ዕቁብ አለን። ዘንድሮ ከዕቁቡ ቀንሰን አንድ ሙሉ ቀን ልንዝናናበት ተስማምተናል። ካፌ ተቀምጦ ስልክ ማየት ሰልችቶናል። መጮህ፣ መሮጥ፣ ከፍታ ላይ መንጠልጠል፣ ውሃ ላይ መንሸራተት ነው ያማረን።

ከተማችን ውስጥ ያሉትን መጫወቻዎች አይተናቸዋል። ለልጆች ጥሩ ናቸው። ለእኛ ግን መቀመጫው ጠባብ ስለሆነ ጉልበታችን አገጫችን ጋ ይደርሳል። አንዱ ቦታ ደግሞ ግማሹ ማሽን በሸራ ተሸፍኖ ነው ያገኘነው።

ስለዚህ ራቅ ብለን እንሂድ ስንል ስምምነቱ ፈረሰ። አንዱ እንጦጦ ፓርክ ይላል። አንዷ ቢሾፍቱ ያለው የኩሪፍቱ ውሃ ፓርክ ካልሆነ አልሄድም ብላለች። አንዱ አንድነት ፓርክን ካላየሁ ይላል። ሌላው ደግሞ «የስሜን ተራሮች አጠገባችን እያሉ አዲስ አበባ ድረስ ምን ወሰደን?» ባይ ነው።

የሄዳችሁ ካላችሁ አውሩን። የዋጋውን ነገር ተዉት፣ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ደውለን እንጠይቃለን። ማወቅ የምንፈልገው ቀኑ እንዴት እንደሚውል ነው። ትልቅ ሰው ይደሰትበታል? ወረፋው እንዴት ነው? ሳንደክም እንመለሳለን?

ዚፕላይን — ቅዳሜ፣ 4፡35

እንጦጦ ሂዱ። ፓርኩ የተመረቀው በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ዚፕላይን አለ፣ ጎካርት (ትንሿ የእሽቅድምድም መኪና) አለ፣ ፈረስ ግልቢያ አለ፣ ቀስት ማነጣጠር አለ። ለእናንተ ዕድሜ የሚሆነው እንዲህ ያለው ነው። ማሽን ላይ ተቀምጠህ ዝም ብለህ የምትዞርበት ሳይሆን ራስህ የምትሞክረው ነገር።

ዚፕላይኑን ልንገርህ። መታጠቂያውን ጭንህና ወገብህ ላይ ጠበቅ አድርገው ያስሩልሃል፣ የራስ ቁር ያጠልቁልሃል። ከዚያ መድረኩ ጫፍ ላይ ትቆማለህ። ከእግርህ በታች የሚታየው የባሕር ዛፍ ጫፍ ነው። እግርህን እስክታነሳ ያለችው ጊዜ ናት ከባዷ። አንዴ ካነሳህ ነፋሱና የገመዱ ፉጨት ብቻ ነው የሚሰማህ። ቀድሞ የተሻገረው ጓደኛህ ከወዲያ ማዶ ሆኖ ስምህን ሲጠራ ደግሞ ሌላ ደስታ ነው። ለብቻ የሄደ ሰው ግማሹን አያገኘውም።

ወፈር ያለ ልብስ ያዙ። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። ጎንደር 2,100 ላይ ለለመደ ሰው ጠዋት ላይ ይቆነድዳል፤ የሮጠም ትንፋሽ ያጥረዋል።

የቀሃዋ — ቅዳሜ፣ 4፡52

ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ሦስት ሴቶች አላችሁ። አዲስ አበባ ማለት ደግሞ ማደር ማለት ነው።

ወንዶቹ «ሄድኩ» ብላችሁ ትወጣላችሁ። እኛ ቤት ግን የት ነው የምታድሪው፣ ከማን ጋር ነው፣ እዚያ ማን አለ ይባላል። ይህን የምለው ቤተሰብ ለማማት አይደለም። እናቴ የምትጠይቀው ስለምትጨነቅ ነው፣ መልስ ካገኘች ደግሞ ትፈቅዳለች። መልሱ ሳይዘጋጅ ፓርክ ስትመርጡ ነው ችግር የሚመጣው። ትኬት ተቆርጦ፣ ልብስ ተገዝቶ፣ በመጨረሻዋ ማታ ሁለት ሴቶች ይቀራሉ። የቀሩትም ያዝናሉ፣ የሄዱትም ደስ አይላቸውም።

ከሦስቱ አንዷ አዲስ አበባ አክስት ወይም ታላቅ እህት ካላት ነገሩ ይቀላል፤ ሦስቱም እዚያ ያድራሉ። መጀመሪያ ማደሩን ጨርሱ። ፓርኩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የፒያሳ ልጅ — ቅዳሜ፣ 5፡05

የቀሃዋ፣ እግዜር ይስጥሽ። አንዷ ሲኤምሲ አክስት አላት። ሁለቱ ግን እስካሁን ቤት አልጠየቁም። ዛሬ ማታ ይጠይቃሉ።

አዘዞ ኬላ — ቅዳሜ፣ ቀን 6፡20

ማደሩ ቢፈቀድም የመንገዱ ነገር አለ። በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያን ሁሉ ሰዓት አውቶቡስ ላይ ተቀምጦ የዋለ ሰው ሲደርስ የሚያምረው አልጋ ነው። በዚያ ላይ መንገዱ ሁሌ አንድ ዓይነት አይደለም፤ መናኸሪያ ሳይጠይቅ የሚወጣ የለም።

በአውሮፕላን ከሆነ በረራው አንድ ሰዓት አለፍ ቢል ነው። ግን ሰዓቱን ከቤት ወጥታችሁ ቁጠሩት። ከፒያሳ አዘዞ መውረድ፣ ፍተሻ፣ ጥበቃ፣ ቦሌ ሲደርሱ ሻንጣ፣ ከቦሌ እንጦጦ ደግሞ የአዲስ አበባ መንገድ። ጠዋት ሄደን ማታ እንመለሳለን የሚለውን ከአሁኑ እርሱት። አርብ ማታ መግባት፣ ቅዳሜን መዋል፣ እሁድ መመለስ ነው። «አንድ ቀን» ያላችሁት ሦስት ቀን ሆነ ማለት ነው። ያ ከሆነ ደግሞ እንጦጦንም ቢሾፍቱንም ማየት ይቻላል፤ አንዱን ብቻ መምረጥ አያስፈልግም።

ነርሷ — ቅዳሜ፣ 7፡15

የውሃ ፓርክ ያለችው ጓደኛችሁ ጋ ነኝ። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በፍጥነት መንገዱ ቶሎ ይደረሳል። ሙቀቱም ከእንጦጦ ይሻላል፤ እርጥብ ልብስ ለብሶ ለመዋል ሙቀት ወሳኝ ነው። ረጃጅም ሸርታቴዎች አሉ፣ ማዕበል የሚሠራ ገንዳ አለ። ትልቅ ሰው ሳያፍር እንደ ልጅ የሚጫወትበት ቦታ ነው።

ሦስት ነገር ግን ከጎንደር ሳትነሱ ተነጋገሩበት።

አንደኛው ዋና ነው። እኛ ከተማ ውስጥ ያደገ ሰው ብዙው ዋና አይችልም። ይህ አያሳፍርም፤ መደበቁ ግን አደገኛ ነው። ከሰባታችሁ ማን እንደሚችልና እንደማይችል በግልጽ ተነጋገሩ። የማይችል ሰው ውሃው ደረቱ ጋ ሲደርስ ይቁም። የማዕበሉ ገንዳ ዳሩ ላይ ቁርጭምጭሚት ነው፣ እየገባችሁ ስትሄዱ ይጠልቃል። ማዕበሉ ሲነሳ እግር ከመሬት ይለቃል። እዚያ ላይ ነው ሰው የሚደነግጠው።

ሁለተኛው ልብስ ነው። ለሴቶቹ ነው የምነግረው። ረጅም እጅጌና ረጅም ሱሪ ያለው የዋና ልብስ አለ፤ ፈልጉና ከዚህ ይዛችሁ ሂዱ። በጥጥ ቲሸርት መግባት ጥሩ አይደለም፤ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ይጎትታል። ዚፕና ብረት ያለው ልብስ ደግሞ ሸርታቴውን ስለሚቧጥጥ የውሃ ፓርኮች አይወዱትም። መጀመሪያ ደውሉና ምን እንደሚፈቀድ ጠይቁ። በር ላይ መመለስ ያናድዳል።

ሦስተኛው፣ ሸርታቴ ላይ በጀርባ ተኝታችሁ፣ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምራችሁ፣ እግራችሁን አነባብራችሁ ውረዱ ከተባላችሁ እንደተባላችሁ አድርጉ። ክንዱን ዘርግቶ የወረደ ሰው ክርኑ ተልጦ ነው የሚነሳው። የፊተኛው ገንዳውን ለቆ ሳይወጣም አትልቀቁ። ወንዶች ስትሆኑ ተያይዞ መውረድ ያምራችኋል፤ ጭንቅላት ከጭንቅላት የሚጋጨው እንዲያ ነው።

ጥያቄ አለኝ — ቅዳሜ፣ 7፡40

ለምን ፋሲል መዋኛ አይገቡም? እዚሁ አጠገባቸው አይደል?

የቀሃዋ — ቅዳሜ፣ 7፡48

ፋሲል መዋኛ እኮ የጥምቀት ቦታ ነው። ከቀሃ ወንዝ በቦይ ውሃ የሚገባበት ለበዓሉ ነው፤ ሌላውን ጊዜ ደረቅ ነው። ጥር 11 ሌሊት ቅዳሴው ሲያልቅ፣ ውሃው ሲባረክ፣ ወጣቱ ከግንቡ ላይ እየዘለለ ሲገባ ማየት ትችላለህ። የዓመት አንዴ በረከት ነው። እንደ መዝናኛ ገንዳ አናስበው።

ዛፎቹ ሥር ግን መቀመጥ ይቻላል። ሥሮቹ ግንቡን እንደ ጣት ጨብጠው የያዙበትን ቦታ ያላየ ጎንደሬ ካለ ይሂድና ይይ።

ከዱባይ ጎንደሬዋ — ቅዳሜ፣ ማታ 2፡30

ከሥራ ወጥቼ ነው ያየሁት። እኔ ሆቴል ነው የምሠራው፤ የዕረፍት ቀናችን ሲገጥም ከሀገር ልጆች ጋር እንወጣለን። የትላልቆቹን መዝናኛ ፓርኮች ነገር ከእኛ ብትሰሙ ይጠቅማችኋል፤ አመራረጡ ሁሉም ጋ አንድ ነው።

አቡ ዳቢ፣ ያስ ደሴት ላይ በ2010 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተከፈተው ፌራሪ ወርልድ አለ። አብዛኛው በጣሪያ ሥር ነው፤ በዚህ አገር ሙቀት ትልቅ ነገር ነው። ፎርሙላ ሮሳ የሚባለው ሮለር ኮስተር (በሐዲድ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚከንፍ መጫወቻ ባቡር) አምስት ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ዓይን እንዳይጎዳ መነጽር ያስደርጋሉ። ሲነሳ ጀርባችሁ መቀመጫው ላይ ይለጠፋል፤ መጮህ ብትፈልጉም ድምፅ አይወጣም። ሲቆም ነው ሁሉም የሚጮኸው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። በቡድን ስትሄዱ ፓርክ የሚመረጠው በጣም ደፋሩን ሰው አይቶ አይደለም። በጣም የሚፈራውን አይቶ ነው። ከመካከላችሁ ከፍታ የምትፈራ ልጅ አለች እንበል። ፓርኩ ውስጥ ሮለር ኮስተር ብቻ ካለ ያቺ ልጅ ቀኑን ሙሉ ቦርሳ ይዛ ትውላለች። ፎቶ አንሺ ትሆናለች። ማታ ሁሉም «እንዴት ደስ ይላል» ሲል እሷ ዝም ትላለች። የምትሄዱበት ቦታ ለደፋሩም ለፈሪውም እኩል ሥራ ያለው ይሁን። እንጦጦ በዚህ ጥሩ ይመስለኛል፤ ዚፕላይን የማይወድ ፈረስ ይጋልባል፣ ያንንም የማይወድ ጫካ ውስጥ ይራመዳል።

ሌላው ሰዓት ነው። ፓርክ ሲከፈት በር ላይ ተገኙ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ያየው መጫወቻ ጋ ይሰለፋል። እናንተ አልፋችሁ ከሁሉ የምትፈልጉትን ያዙ፤ የደጃፉን ማታ ትመለሱበታላችሁ። ምሳችሁን ሰው ሳይበላ ቀደም ብላችሁ ብሉ። ሰው ምሳ ሲቀመጥ ወረፋው ይቀልላል። ደግሞ ሆድ ሞልቶ ሮለር ኮስተር ላይ አይወጣም፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይለፍ። ሥራችሁ ከፈቀደ የሥራ ቀን ምረጡ። ቅዳሜና እሁድ የከፈላችሁት ለወረፋ ነው።

ጥያቄ አለኝ — ቅዳሜ፣ 2፡55

240 ኪሎ ሜትር እየሄደ እንዴት አይወድቅም? እኔ እንደዚህ ያለ ነገር ላይ አልወጣም።

ተርባይን — ቅዳሜ፣ ማታ 3፡40

መካኒካል ነው የተማርኩት። ደስ የሚለኝ ጥያቄ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

የተለመደው ሮለር ኮስተር ሞተር ተሸክሞ አይሄድም። ሰንሰለት ጎትቶ የመጀመሪያው ጉብታ ላይ ያወጣዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚነዳው ክብደቱ ነው። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ጉብታ ከሁሉም የሚረዝመው። እየተፋተገ ስለሚሄድ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ተከታዮቹ ጉብታዎች እያጠሩ ይመጣሉ። ፎርሙላ ሮሳ ግን ሰንሰለት አይጠብቅም፤ በዘይት ግፊት የሚሠራ ማሽን እንደ ወንጭፍ ይወረውረዋል።

የማይወድቀው ጎማው ሐዲዱን ስለጨበጠው ነው። ከላይ የሚሽከረከር አለ፣ ከጎን የሚደግፍ አለ፣ ከሐዲዱ ሥር የሚይዝ አለ። ተገልብጦም ቢሆን መውጫ የለውም። ሙሉ በሙሉ የሚገለብጠው ክፍል ደግሞ ክብ ሳይሆን እንደ እንባ ጠብታ ከላይ የጠበበ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሙሉ ክብ አድርገው ሠርተውት የተሳፋሪውን አንገት ያሳምም ነበር። ክብ ሲሆን ከታች ስትገባ ሰውነትህ ላይ የሚያርፈው ጫና በአንድ ጊዜ ይመጣል። የእንባው ቅርጽ ቀስ እያለ ያመጣዋል።

ለእናንተ የሚጠቅመው ግን ይህ ነው። የትም አገር ሂዱ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ከመሳፈራችሁ በፊት አንድ ዙር ቆማችሁ ተመልከቱ። ሠራተኛው የእያንዳንዱን ሰው መቆለፊያ በእጁ ስቦ ያረጋግጣል? ወይስ ከሩቅ ሆኖ አውራ ጣቱን ያሳያል? ማሽኑ ሲዞር ብረት ከብረት የሚፋጭ ድምፅ አለው? ብሎን የጎደለበት፣ በሽቦ የታሰረ ነገር ይታያል? እጁን አስገብቶ የማያረጋግጥ ሠራተኛ ካያችሁ ገንዘባችሁ ይቅር፣ ውረዱ። ዚፕላይንም ያው ነው። መታጠቂያው ዋናው ብቻ ነው ወይስ የመጠባበቂያ ማያያዣም አለው ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

የልብ ሕመም፣ የጀርባ ሕመም ያለባት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች አትሳፈር። የሚዘነጋ አይደለም።

ደስታውን ከፍ ማድረግ የሚፈልግ ደግሞ ኋለኛው ወንበር ላይ ይቀመጥ። የፊተኛው ቁልቁል ሲወርድ የኋለኛውን ይዞት ይሄዳል። ጉብታውን በፍጥነት የሚያልፈው የኋለኛው ነው።

የደባርቅ ልጅ — እሁድ፣ ጠዋት 1፡30

ስሜን ተራሮች እንሂድ ያለው ልጅ ብቻውን እንዳይቀር መጣሁ።

መጀመሪያ ግልጽ እንሁን። ስሜን ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ መጫወቻ ፈልጋችሁ አትምጡ። በ1978 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከላሊበላ ጋር የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ የሰፈረ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ ማለት ነው። ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተርታ ገብቶ ነበር፤ ብዙ ተደክሞበት ነው የወጣው። በጨዋነት የሚገባበት ቦታ ነው።

መጮህ ባይኖርም ከፍታ ያማራችሁ ከሆነ ከዚህ የሚበልጥ የት ይገኛል? በዚያ ላይ ማደር አያስፈልገውም።

ቀኑን ላውጣላችሁ። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ከተነሳችሁ ወለቃን፣ ኮሶዬን፣ አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትን አልፋችሁ ቁርስ ደባርቅ ትበላላችሁ። ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ትመዘገባላችሁ፣ ስካውት፣ ማለትም አብሯችሁ የሚሄድ የፓርኩ ጠባቂ፣ ይመደብላችኋል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ጠጠር ስለሆነ ከመሬት ከፍ ያለ መኪና ያዙ። ለአንድ ቀን ፓርኩ ውስጥ ያለው ሳንቃበር ይበቃል፤ 3,200 ሜትር ላይ ነው። ጨነቅ ድረስ እንሂድ ካላችሁ ዋልያ የማየት ዕድላችሁ ይሰፋል፣ ግን ደርሶ መልስ ለአንድ ቀን ይከብዳል።

ጭላዳ ዝንጀሮን ለማየት በጠዋቱ መድረስ ነው። ሌሊት ገደሉ ላይ ያድራሉ፤ ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ሣር ነው የሚበሉት። ቁጢጥ ብለው በሁለት እጃቸው እየነጩ ይጎርሳሉ፤ ብዙ ሆነው ሲሰማሩ የሣሩ መነጨት ይሰማል። ወንዱ ከነጎፈሩ አጠገባችሁ ያልፋል፣ ደረቱ ላይ ቀይ ቆዳ አለው። አይነካችሁም። በዱር ያሉት እኛ አገር ብቻ ነው። ዳቦም ሙዝም እንዳትሰጧቸው፤ የሰው እጅ ከለመዱ ቦርሳ መቀማት ይጀምራሉ፣ ሣራቸውንም ይተዋሉ።

ወሩም ገጥሞላችኋል። ክረምቱ ወጥቷል፣ የጅንባር ፏፏቴ ውሃ ሙሉ ነው፣ ሜዳው አረንጓዴ ነው። ጥር ላይ ብትመጡ ይህን አታገኙም። ገደሉ ጫፍ ላይ ለፎቶ ብላችሁ ግን ወደ ኋላ አትራመዱ። ስካውቱ ቁሙ ሲላችሁ ቁሙ።

አንድ ወላጅ — እሁድ፣ ቀን 7፡00

ልጆቼ፣ ስታወሩ ሰማሁ። ከወላጅ ወገን ልናገር።

ሴት ልጆች አሉኝ። ልጄ «ከጓደኞቼ ጋር ልሂድ» ስትለኝ መከልከል ደስ ብሎኝ አያውቅም። የምፈልገው የመኪናውን ሹፌር ስልክ፣ የአብረዋት የሚሄዱትን ስም፣ የሚመለሱበትን ሰዓት ነው። ሰዓቱ ካለፈ ደግሞ አንድ ስልክ። ይህን ሳልጠይቅ በፊት ከነገረችኝ ልቤ ያርፋል። በዋዜማው ማታ ድንገት ከነገረችኝ ግን እምቢ እላለሁ፤ ለማሰቢያ ጊዜ አልሰጠችኝማ። ከሁለት ሳምንት በፊት ንገሩን። ከእናንተም አንዱ ቤት ድረስ መጥቶ ቢያስረዳን አይከብድም። ጨዋ ልጅ መሆኑን እናያለን፣ ቡና እንጠጣለን።

አዘዞ ኬላ — እሁድ፣ 7፡25

አባታችን፣ ዕድሜ ይስጥልን።

ለጎርጎራም አንድ ቃል ልጨምር። በጯሂት አድርጎ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጣና ዳር። በገበታ ለሀገር የተሠራው ሪዞርት እዚያ ነው ያለው። ደብረ ሲና ማርያምን መሳለም፣ ጀልባ መያዝ፣ ትኩስ ዓሣ መብላት ይቻላል። ለእረፍት ነው እንጂ ለሩጫ አይሆንም። የደከመው ሰው ይሂድ። እናንተ ጉልበት ያላችሁ ናችሁ።

ዚፕላይን — እሁድ፣ 8፡10

አንድነት ፓርክን የጠየቀው ልጅ መልስ አላገኘም። በ2012 መስከረም መጨረሻ ነው የተከፈተው፣ የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ። የዙፋን አዳራሹን ታያለህ፣ ጥቁር ጋሜ አንበሳውን ታያለህ፣ የክልሎችን ማሳያ ትዞራለህ። እየቆሙ እያነበቡ የሚታይ ነው። ልጆች ይዞ ለሚሄድና ታሪክ ለሚወድ ግሩም ቦታ ነው። ለመጮህ ግን አይሆንም። አዲስ አበባ ከገባችሁ ግማሽ ቀን ስጡት።

የፒያሳ ልጅ — እሁድ፣ ማታ 1፡15

ቤተሰብ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ከሰዓት ተገናኝተን ይህን ሁሉ ጮክ ብለን አነበብነው።

የሁለቱ ቤት መልስ መጥቷል። ለአሁኑ ማደር አይቻልም። አልተከራከርንም። አዲስ አበባው ከጥምቀት በኋላ ይሆናል፤ እስከዚያ ዕቁቡ ይጠራቀማል፣ የሲኤምሲዋ አክስትም ራሳቸው ለእናቶቹ ሊደውሉ ቃል ገብተዋል። እንጦጦንና ቢሾፍቱን በአንድ ጉዞ እናደርጋለን። ነርሷ ያለችውን ተነጋገርንበት፤ ከሰባታችን ዋና የሚችለው አንድ ብቻ ነው። የውሃ ፓርክ ያለችው ልጅም አትችልም። እስከዚያ እዚሁ ከተማ ካሉ ሆቴሎች በአንዱ ገንዳ ልትማር ነው።

ለአንዱ ቀን ግን ስሜን ሳንቃበርን መርጠናል። በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ቅዳሜ። ከፍታ የምትፈራዋ ልጅ ከገደሉ ራቅ ብላ ጭላዳ መካከል ትቀመጣለች፤ የዱባይዋ እህታችን ያለችው እሱ ነው። ወንዶቹ ነገ የሦስቱንም ሴቶች ቤት እንዞራለን፣ የሹፌሩን ስልክ ይዘን።

የደባርቅ ልጅ፣ አንድ ጥያቄ ቀረችን። ከመካከላችን ሁለቱ ጽጌን ይጾማሉ። በዚያ ሰዓት ደባርቅ የጾም ቁርስ ይገኛል ወይስ ከዚህ ይዘን እንምጣ?

የደባርቅ ልጅ — እሁድ፣ ማታ 1፡50

ሽሮና የጾም ፍርፍር አይጠፋም። ምሳችሁን ግን ቋጥራችሁ ኑ፤ ሳንቃበር ላይ ምግብ ቤት አገኛለሁ ብላችሁ አታስቡ። ዳቦ ቆሎና በሶ ካላችሁ ጥሩ ነው። ቆሻሻችሁን በፌስታል ይዛችሁ ተመለሱ። አርብ ማታ እዚህ ጻፉልኝ፣ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቄ እነግራችኋለሁ። ከመካከላችሁ አስም ያለበት ካለ መድኃኒቱን ኪሱ ውስጥ ይያዝ፣ መኪና ውስጥ አይተወው።